ሳትጠይቀኝ አትሂድ

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የቪልማ ኮቫች በር ተንኳኳ። የጥርስ ብሩሿን እንደነከሰች ከፈተችው። ደጃፉ ላይ ማክሲን ቱሊ ቆማለች። ካፖርቷ ላይ በረዶ ተነጥፏል፤ እጇ ላይ በአልሙኒየም ወረቀት የተሸፈነ ትልቅ ትሪ ይዛለች። የመኮሮኒና የቀለጠ አይብ ሽታ ከትሪው እየወጣ ኮሪደሩን ሞላው።

ቪልማ ትሪውን አየችው፤ ማክሲንን አየቻት፤ እንደገና ትሪውን አየችው። ብሩሹን ከአፏ አወጣችና፣

"ሁሉም?" አለች።

"ሁሉም፣ የኔ እህት። ከዋናው አሰልጣኝ እስከ መጨረሻው ረዳት። አንድ ሰዓት ላይ ሰብስበው ነገሯቸው።"

ለሌላ ሰው ቢሆን ትሪ ምሳ ነው፤ ለአሰልጣኝ ቤተሰብ ግን መርዶ ነው። ያ አሜሪካኖች እግር ኳስ እያሉ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት፣ ሰው ከሰው እንደ ኮርማ የሚላተምበት ጨዋታ የራሱ ሕግ አለው። የመጨረሻው ግጥሚያ እሑድ ይደረጋል። ሰኞ ጠዋት የተሸነፈው ዋና አሰልጣኝ ይባረራል። እሱ ሲወድቅ ረዳቶቹ ሁሉ ተከትለውት ይወድቃሉ፤ ጥፋት ይኑርባቸው አይኑርባቸው የሚጠይቅ የለም። ያን ዕለት ሚስቶቻቸው ያበስላሉ። የእያንዳንዱ የተባረረ ሰው ሚስት ወደ ሌላው የተባረረ ሰው ቤት ትሪ ይዛ ትሄዳለች። የራሷን ምግብ በራሷ ቤት የምትበላ ግን የለችም፤ ነውር ነው።

ቪልማ ይህን የተማረችው በልጅነቷ ነው። አባቷ ጋቦር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሃያ ስድስት ዓመት ረዳት አሰልጣኝ ነበር። ትሪ ሰባት ጊዜ መጥቶላቸዋል። እሷ ዘጠኝ ትምህርት ቤት ቀይራለች። አሥረኛ ዓመቷን ያከበረችው በጭነት መኪና ላይ፣ በሁለት ፍራሽ መካከል ነው። ስለዚህ በሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ገና እጇ ላይ ገንዘብ እንደገባ፣ እዚህ ቶሊዶ ውስጥ ቤት ገዛች፤ ጓሮው ላይ የሸክላ ድንጋይ አነጠፈች፤ ወንዙ አጠገብ የቤተ ክርስቲያን ባለቀለም መስኮቶች የምትጠግንበት ሱቅ ከፈተች፤ ከዚያም "አሰልጣኝ የሚባል ወንድ በደጄ አይለፍ" ብላ ማለች። ምን ዋጋ አለው! ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው አሉ።

"እኔ እኮ ሚስቱ አይደለሁም፣ ማክሲን። ለምን ለኔ አመጣሽው?"

"ኧረ ተይኝ! ሚስት የሚያደርገው ቀለበት መሰለሽ? ሁለት ዓመት ሙሉ ጨዋታ ባለ ቁጥር ጥፍርሽን ስትበይ አይቼሻለሁ። ይልቅ አስገቢኝ፣ እጄ ተቃጠለ።"

ገባች። ትሪውን ምድጃው ላይ አስቀመጠችና እጆቿን እያራገበች፣ "ደግነቱ ያንቺው ወድቆ አልቀረም" አለች። "የኔው ግን በሃምሳ አራት ዓመቱ ሥራ ፍለጋ ሊወጣ ነው። አንቺና ሴድሪክ ግን እንኳን ደስ ያላችሁ። ሳክራሜንቶ ሞቃት አገር ነው ይላሉ፤ ይሄን በረዶ እኮ ትገላገይዋለሽ።"

ቪልማ ብሩሹን እንደያዘች ቀረች። "ሳክራሜንቶ ምንድን ነው?"

ማክሲን እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ወይኔ አፌ! አልነገረሽም? ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በቴሌቪዥን እያሉት ነው እኮ።"

ቪልማ ቴሌቪዥኑን ከፈተችው። ከታች የሚሮጠው ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ዞረ፤ በሦስተኛው መጣ። "ሴድሪክ ፎንተኖ ከሳክራሜንቶ ጋር ተስማማ፤ የመላው ተከላካይ ክፍል ኃላፊ ይሆናል።"

ተስማማ ይላል። ተጠየቀ ወይም እያሰበ ነው አይልም። ሴድሪክ፣ ያ የቡድኑ የተከላካዮች ረዳት አሰልጣኝ፣ ያ ድምፁ ዝግ ያለ የሉዊዚያና ሰው፣ በኅዳር የምስጋና በዓል ዕለት ሳህን እያጠበ "ቪል፣ ታገቢኛለሽ ወይ?" ያላት ሰው! "የውድድሩ ወቅት ይለቅና እመልስልሃለሁ" ብላው ነበር። ሌላም ነገር ብላዋለች፤ ገና በተዋወቁ በሁለተኛው ሳምንት። "እኔ በጭነት መኪና ላይ አልወጣም። ይህን ሳታውቅ እንዳትወደኝ" ብላዋለች። እሱም "ገብቶኛል" ብሏት ነበር።

ማክሲን ትሪውን ምድጃ ውስጥ ስትከት ቪልማ ደወለች። ሁለት ጊዜ ጠራና ተቋረጠ። እንደገና ስትሞክር ስልኩ ተዘግቷል። ስልኩን ዘጋባት! ንዴትና ቅሬታ ባንድ ላይ መጡባት። ወረቀት ሳበችና ቆማ ጻፈች።

"ሴድሪክ፣ እንኳን ደስ አለህ። አሥራ አራት ዓመት የፈለግከውን አገኘህ። ለኅዳሩ ጥያቄህ መልሴ ይኸው፤ አይሆንም። አባቴ እናቴን እንደ ዕቃ ጭኖ ሲዞር አይቻለሁ። አንተ ግን እንደ ዕቃም አልቆጠርከኝም። ዕቃን እንኳ አስበው ይጭኑታል። እኔ ከቴሌቪዥን ሰማሁ። ደህና ሁን። ቪልማ።"

አጥፋ ለማክሲን ሰጠቻት። "ባልሽን ልታመጪ ወደ ክለቡ ትሄጃለሽ አይደል? ይሄን ለሱ ስጪልኝ።"

"ቪልማ፣ ቁጣሽ መጀመሪያ ይብረድ።"

"በርዶልኛል።"

"የበረደለት ሰው ቆሞ ደብዳቤ አይጽፍም" አለች ማክሲን። ደብዳቤውን ግን ወሰደችው፤ የሴት ደብዳቤ እምቢ አይባልም። በሩ ሲዘጋ ቪልማ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና እንደ አሥር ዓመት ልጅ አለቀሰች።

*

እናቷ ኢሎና ሁለት መንገድ ዘልቃ ነው የምትኖረው። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ስትመጣ አታንኳኳም። የገባችው አፍንጫዋን አስቀድማ ነው።

"መኮሮኒ ነው። ተባረረ ማለት ነው!" አለች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ማንኪያ አነሣች። "እም። ካንሳስ ሳለን ከመጣልን ይሻላል። እዚያ ያመጡልን ቱና ነበረበት። ሰው ሥራ አጥቶ ቱና ይበላል? አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው ዓይንሽ የቀላው?"

ቪልማ ነገረቻት፤ ስለ ሳክራሜንቶም፣ ስለ ስልኩም፣ ስለ ደብዳቤውም። ኢሎና መብላቷን ቀጠለች። ጨረሰች። ማንኪያውን አጠበች።

"እማ፣ አንድ ነገር በዪኝ እንጂ! ዘጠኝ ከተማ ዞረሻል፤ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ደግ አደረግሽ በዪኝ።"

"መዞሩ ነው የጎዳኝ ብለሽ ነው የምታስቢው?"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

ኢሎና እጇን በፎጣ ቀስ ብላ አደረቀች። "መዞሩን ወድጄው ነበር፤ እውነቱን ልንገርሽ። አላባማ ቤታችን ጓሮ በለስ ነበረው። ዴንቨር ሳለን ጥሩ ጓደኛ ነበረችኝ፤ ሳቋ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። የጎዳኝ ሌላ ነው። አባትሽ ጥሩ ሰው ነበር፤ አልመታኝም፣ አልሰደበኝም። ግን በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን 'አንቺስ ምን ትያለሽ?' ብሎኝ አያውቅም። ከሥራ ይመጣና 'ሐሙስ እንሄዳለን' ይለኛል። እኔም ሣጥን ፍለጋ እወጣለሁ። እሱ ሲሞት ያለቀስኩት ለሱ ብቻ አልነበረም፤ ጥያቄውን ሳልሰማ ቀረሁ ብዬም አልቅሻለሁ።"

ቪልማ እናቷን በሠላሳ ሦስት ዓመቷ ገና አሁን ያየቻት መሰላት።

"ሴድሪክም እኮ አልጠየቀኝም፣ እማ።"

"እንግዲያውስ ደግ አደረግሽ" አለች ኢሎና። ቪልማ ስትለምን የነበረውን ቃል አገኘች፤ ግን አላስደሰታትም።

*

ሱቁ ሰኞ ዝግ ነው። ቪልማ ግን ስትናደድ መስታወት መቁረጥ ነው የሚያረጋጋት፤ ስለዚህ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ከፍታ ገባች። መብራቱን አበራች፤ ጓንቷን አጠለቀች።

ሴድሪክን ያገኘችው እዚሁ ጠረጴዛ ጋ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ በሩን የሚሞላ ጥቁር ሰው የጫማ ካርቶን አቅፎ ገባ። ካርቶኑ ውስጥ አያቱ የምትሳለምባት የገጠር ቤተ ክርስቲያን መስኮት ስብርባሪ ተቀምጦ ነበር፤ አውሎ ነፋስ ነው የሰበረው። "ሦስት ከተማ ይዤው ዞሬያለሁ" አላት። "ለመጠገን ጊዜ የሚበቃኝ አገር ስላልገጠመኝ ነው።" መስኮቱን ለመግጠም አምስት ወር ፈጀባት። ሦስት ወር ይበቃው ነበር፤ ሁለቱን ወር ያስረዘመችው እሷ ናት። እሱም ያውቃል፤ አንድም ቀን ግን "መቼ ያልቃል?" ብሎ አልጠየቃትም።

ከዚያ ወዲያ ቡድኑ ወደ ሌላ ከተማ በሄደ ቁጥር ከሆቴሉ ደብዳቤ ይጽፍላታል። በወረቀቱ ጀርባ ሁልጊዜ ክቦችና መስቀሎች አሉ፤ የጨዋታ ስልት እየነደፈ ነው የሚያስባት። አንዱ ደብዳቤ እንዲህ ይላል፤ "ዛሬ ለተጫዋቾቼ ከፊታችሁ ያለውን ሰው እጅ አትዩ፣ ወገቡን እዩ አልኳቸው። እጅ ይዋሻል፤ ወገብ አይዋሽም። ከዚያ ያንቺ እጅ ትዝ አለኝና ትምህርቱን ረሳሁት።"

ይህን እያሰበች ነበር አሮጌው የስልክ መልእክት መቅጃ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ያየችው። አራት መልእክት አለ። ቁልፉን ተጫነችው።

"ቪል፣ እኔ ነኝ።" ትንፋሹ ይቆራረጣል። "የምደውለው ከዘበኛው ስልክ ነው። ስልኬን ወሰዱብኝ። ለካ የክለቡ ነው፤ ረስቼው ነበር። ሱቁ ዝግ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን የማገኘው ቁጥር ይሄ ብቻ ነው፤ የስልክ ማውጫ ላይ አለ። ያንቺን ቁጥር... ቪል፣ ያንቺን ቁጥር በቃሌ አላውቀውም። አፍሬያለሁ። መልሼ እደውላለሁ።"

ሁለተኛው መልእክት "እዚሁ ነኝ፣ ወረቀት እያስፈረሙን ነው" ብቻ ይላል።

ሦስተኛው ረዘም ይላል። "አሁን የሚያወሩትን ሰማሁ። ውሸት ነው። አልተስማማሁም። ወኪሌ ነው ዋጋዬ ይወደዳል ብሎ ያስወራው፤ ሳገኘው አናግረዋለሁ። ሳክራሜንቶዎች ትናንት ከጨዋታው በኋላ ደውለውልኛል፤ ይሄ እውነት ነው። የምጠይቀው ሰው አለኝ፣ እስከ ሰኞ ስድስት ሰዓት ታገሡኝ አልኳቸው። ያ ሰው አንቺ ነሽ። በስልክ ሳይሆን ፊት ለፊት ልጠይቅሽ ነበር።"

አራተኛው፤ "መኪናውም የክለቡ ነው፣ ቁልፍ አስረከብኩ። ሣጥኔን ይዤ በአውቶቡስ እየመጣሁ ነው። ከቤትሽ እንዳትወጪ።"

ቪልማ ጓንቷን ሳታወልቅ ፊቷን ያዘች። የምጠይቀው ሰው አለኝ ብሏል! በእፎይታ ጠረጴዛውን ተደግፋ ሳቀች። ከዚያ ደብዳቤው ትዝ አላትና ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። ለማክሲን ደወለች።

"ማክሲን! ደብዳቤውን እንዳትሰጪው!"

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ከሰጠሁት ቆየሁ እኮ። በር ላይ ቆሞ አነበበው። እንደገና አነበበው። አጠፈና ደረት ኪሱ ከተተው። ባሌ ና እናድርስህ ቢለው እምቢ አለ፤ ሣጥኑን ተሸክሞ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሄደ። ቪልማ፣ እኔ ያ ሰው ሁለት መቶ ኪሎ ብረት ሲገፋ አይቼዋለሁ፤ ዛሬ ግን ሣጥኑ ከበደው።"

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ሰዓቱን አየችው፤ አምስት ሰዓት ከሃያ። መኪናዋን አስነሥታ ስትወጣ የሱቁን በር ቆልፋ ይሁን ትታው አታውቅም። መሪውን እንደያዘች አንድ ነገር ብቻ ትደጋግማለች፤ "አትሂድ። ሳትጠይቀኝ አትሂድ።"

*

ፌርማታው የወንዙ ድልድይ ሥር ነው። ከመስታወቱ መጠለያ ውስጥ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሴድሪክ ነው፣ ሣጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ። ሌላዋ የገበያ ጋሪ የያዙ፣ ሐምራዊ የሱፍ ባርኔጣ ያደረጉ አሮጊት ናቸው።

ቪልማ መኪናዋን በተከለከለ ቦታ አቁማ ሮጠች። ሴድሪክ ሲያያት ሊነሣ ሞከረ፤ ሣጥኑ ከለከለው።

"እሷ ናት?" አሉ አሮጊቷ።

"አዎ፣ እማማ፣ እሷ ናት።"

"ሁለት አውቶቡስ አሳልፏል" አሉ ለቪልማ፣ እየከሰሱ። "ሁለት! ብርድ ገደለው ብዬ እኔም አብሬው አሳለፍኩ። ልጄ፣ ምን ብትዪው ነው?"

ቪልማ ትንፋሿን ሰበሰበች። "መልእክትህን አሁን ነው የሰማሁት።"

"ደብዳቤሽን አሁን ነው ያነበብኩት።"

ሴድሪክ ደረት ኪሱን በእጁ ነካ።

"ደብዳቤው ይቅር" አለች። "እንዳልጻፍኩት ቁጠረው።"

"አይቅር። እውነት አለበት።" ሴድሪክ ሣጥኑን ወንበሩ ላይ አስቀመጠና ተነሣ። "ቴሌቪዥኑን እኔ አላስነገርኩም። ግን ትናንት ሳክራሜንቶ ሲደውልልኝ ስልኬ እጄ ላይ ነበር፤ ያንጊዜ ላንቺ መደወል እችል ነበር። አልደወልኩም። ፊት ለፊት ብጠይቃት እምቢ ማለት ይከብዳታል ብዬ ነው። ይሄ የኳስ ተንኮል ነው፣ ቪል። አንቺን እንደ ተጋጣሚ አየሁሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

ይህን ሲላት መዳፉን ዘረጋ። መዳፉ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ቁጥር ተጽፏል። ቪልማ እጁን ያዘችና ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

"ይሄ የማን ነው?"

"የሳክራሜንቶ።" ጭንቅላቱን አቀረቀረ። "ስልኩን ከማስረከቤ በፊት ነው የጻፍኩት።"

"የእነሱን ጽፈህ የኔን ሳትጽፍ?!"

"ያንቺን የማውቀው መስሎኝ ነበር" አለ። ድምፁ ወረደ። "እንደ ስሜ የማውቀው መስሎኝ ነበር። ሦስት መቶ ሃያ ስልት በቃሌ አውቃለሁ፤ የሰባት ዓመት ግጥሚያ ጠይቂኝ፣ ልንገርሽ። ያንቺን ቁጥር ግን አንድ ቀን በእጄ ደውዬው አላውቅም፤ ስምሽን ነው የምነካው። ስልኩን ሰጥቼ ዞር ስል ነው ጭንቅላቴ ባዶ መሆኑን ያወቅኩት። እንደዚያ የፈራሁበት ቀን የለም።"

"ወንዶች!" አሉ አሮጊቷ ለጋሪያቸው።

ቪልማ መሳቅ ፈለገች፤ መምታትም ፈለገች። ሁለቱንም ተወችና፣ "እሺ ጠይቀኝ" አለችው።

"ምን?"

"ልትጠይቀኝ አይደል በአውቶቡስ የተነሣኸው? ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ጠይቀኝ።"

ሴድሪክ ኮፍያውን አወለቀ። በረዶው ራሱ ላይ ይወርድ ጀመር፤ አልጠረገውም።

"ውሉ ሁለት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን እግዚአብሔር ይወቅ፤ እንደዛሬው ሊያባርሩኝም ይችላሉ። ሥራው ከሃያ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ የተመኘሁት ነው፤ አልዋሽሽም። ግን አንቺ ያለሽበት አገር ሁሉ ይበልጥብኛል፤ ይሄንንም አልዋሽሽም። እዚሁ ቅር ካልሽኝ እቀራለሁ፤ ወንዝ ማዶ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሰልጣኝ ይፈልጋል። ስቀርም ፊቴን አጥቁሬ አልወቅስሽም።"

"ትወቅሰኛለህ።"

"ሐምሌ ላይ፣ ልምምድ ሲጀመር ትንሽ እወቅስሽ ይሆናል።" ፈገግ ለማለት ሞከረ። "ቪልማ፣ ምን ላድርግ? ያንቺን ሐሳብ ስጪኝ። እኔ ብቻዬን መወሰን አልፈልግም።"

አሮጊቷ ጋሪያቸውን ለቀው ወደ ቪልማ ዞሩ።

ቪልማ ቤቷን አሰበችው፤ ጓሮውን፣ የመስታወት አቧራ የሚያብለጨልጭበትን ሱቅ። ሣጥን ውስጥ የሚገቡትን ሳህኖች አሰበች። ከመኪና ኋላ እያየች የተሰናበተቻቸውን ልጆች አሰበች፤ የብዙዎቹን ስም ረስታለች። "ነይ" ቢላት እምቢ ለማለት ተዘጋጅታ ነበር። "እቀራለሁ" ቢላት ልትፈነድቅ ይገባ ነበር፤ ይኸው አላት፣ ግን አልፈነደቀችም። ይህ ሰው የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ቆሞ፣ በየእሑዱ ናፍቆቱን ሽሽት ቴሌቪዥኑን ሲያጠፋ ታያት። ሌላ ዓይነት ዕቃ ልታደርገው አልፈለገችም። ደግሞም ያስፈራት መሄዱ ብቻውን እንዳልነበረ አሁን ገባት። ያስፈራት ሳይጠየቁ መነቀል ነበር።

"አባቴ ሲሄድ ቤቱን ነቅሎ ነበር የሚሄደው" አለች ቀስ ብላ። "እኔ ቤቴን አልነቅልም፣ ሴድሪክ። ማንም አይነቅለኝም። አንተ ግን ሂድ።"

የሴድሪክ ፊት ተለወጠ። ትልቁ ሰውነቱ ሽምቅቅ አለ። "ገባኝ" አለ። "ጠይቄሻለሁ፣ መለስሽልኝ። አመሰግናለሁ።"

ስልኳን ዘረጋችለት። "በኔ ደውልላቸው።"

ተቀበላት። ከመዳፉ እያነበበ አንድ በአንድ ቁጥሩን ሲነካ ጣቱ ሁለቴ ሳተ። "ምን ልበላቸው?"

"እሺ በላቸው። ከሰኔ መግቢያ ጀምሮ ስድስት ሳምንት ዕረፍት እፈልጋለሁ በል፤ አንድ ቀን አይጎድልም በል። በበረዶው ወራት ደግሞ ሥራዋ ሲበርድላት አንዲት መስታወት ሠሪ ትመጣልኛለች በል።" ድምፅዋ ሊሰበር ሲል አጠነከረችው። "ለምን ቤተሰብህን አታመጣም ካሉህ ደግሞ፣ ሚስቴ ቶሊዶ ነው የምትኖረው በል። ወደ ቤቴ እመላለሳለሁ በላቸው።"

ሴድሪክ ቁጥሩን እያየ ራሱን ነቀነቀ። "ሰኔ። እሺ። ስድስት ሳምንት። እሺ..."

"አንተ ሰውዬ!" ብለው ጮኹ አሮጊቷ። "ምን እንዳለችህ ሰምተሃል? ሚስቴ በል እኮ ነው የምትልህ!"

ስልኩ እጁ ላይ መጥራት ጀምሯል። ሴድሪክ ቀና አለ። መቶ አርባ ኪሎ የሚመዝኑ ሰዎችን በጩኸት የሚያንቀሳቅስ አሰልጣኝ፣ አፉን ከፍቶ አንድ ቃል አጣ። ዓይኖቹ ሞሉ፤ ሞልተውም ፈሰሱ።

"ሃሎ?" አለ ስልኩ ውስጥ አንድ የወንድ ድምፅ። "ፎንተኖ? አንተ ነህ?"

"አዎ ጌታዬ። እሺ ብያለሁ ጌታዬ። ግን አንድ ነገር... ሚስቴ..." አለና ቀጥ አለ። "ሚስቴ..." አለ እንደገና፤ ከዚህ ማለፍ አልቻለም።

ቪልማ ስልኩን ከእጁ ወሰደችው። "ሃሎ፣ ቪልማ ኮቫች እባላለሁ፤ ሚስቱ ነኝ፤ ማለት ልሆን ነው። አሁን መናገር አልቻለም። ሥራውን ተቀብሏል። ሰኔን ይፈልጋል።"

በወዲያ በኩል ሳቅ ተሰማ። "ሰኔ የሱ ነው፣ እመቤቴ" አለ ሰውየው።

አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተ። አሮጊቷ ጋሪያቸውን እየገፉ ሲገቡ ለሾፌሩ "ተጋቡ፣ ተጋቡ! አንተ ደግሞ በዚህ ላይ አርፍደህ መጣህ" ሲሉት ተሰማ። ሾፌሩ ምን አጠፋሁ በሚል ዓይን አያቸው። በሩ ተዘጋ።

ሁለቱ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ሴድሪክ እንባውን በኮፍያው ጠረገ፤ ከዚያ እንደ ተማሪ፣ "ቁጥርሽን ንገሪኝ፣ ቪል" አላት። ነገረችው። ዓይኑን ጨፍኖ ደገመው። ሲሳሳት አረመችው፤ እንደገና ደገመው። በአራተኛው በትክክል ወጣለት።

አሥር ቀን ሳይሞላ ይሄዳል። ይህን ታውቃለች። በሕይወቷ ብዙ ሰው ሲሄድ አይታለች፣ እሷም ብዙ ጊዜ ሄዳለች፤ ያን ጊዜ ሁሉ አንድ ድንጋይ የሚያህል ነገር ደረቷ ላይ ተቀምጦ ነበር። አሁን ከሚሄድ ሰው አጠገብ፣ ትከሻዋን ትከሻው ላይ ጥላ ተቀምጣ ድንጋዩን ፈለገችው። የለም። ቪልማ ኮቫች ረጅም ትንፋሽ ወሰደችና፣ እፎይ አለች።